ካሚዮኑ ሳይቆም

ደበሳይ በተክለ ሃይማኖት በኩል ሽቅብ ወደ አራዳ ሲወጣ ወሩ ሐምሌ፣ ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ስድስት ግድም ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ ጭቃው ግን ማንንም አልሰማ ብሎ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ካሚዮኑ ከጊቤ ማዶ በበቅሎ የወረደ አርባ ኬሻ ቡና ተሸክሟል። ሰውየው ሦስት ሌሊት ዓይኑን አልከደነም። ረዳቱን ወባ ጥሎት ወልቂጤ ትቶት መጥቷል፤ የእጅ ፍሬኑ ደግሞ አንዱ ዳገት ላይ ጧ ብሎ ተበጥሷል። መከራ ብቻውን መምጣት አይወድም፤ ተጠራርቶ ነው የሚመጣው።

የእግሩ ፍሬን ይሠራል። ይሠራል ማለት እግር ካለበት ነው። ደበሳይ እግሩን ካነሳ ያ ሁሉ ቡና ቁልቁል ይነጉዳል፤ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን ቢያጠፋው እንኳ ከጭነቱ ክብደት የተነሳ ማርሹ ይዘላል። አራዳ ደግሞ፣ ያየው ያውቀዋል፣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ሜዳ ሲታደል የአራዳ ሰው ገበያ ሄዶ ነበር መሰለኝ። ስለዚህ ደልዳላ መሬት እስኪገኝ ድረስ ደበሳይ ከመቀመጫው ንቅንቅ ማለት አይችልም። የነጋዴው መጋዘን በእሑድ አይከፈትም። መንገድ ላይ ጥሎት ይሂድ እንዳይባል፣ የአራዳ ሌባ ጠዋት የወሰደብህን ጫማ ከሰዓት በኋላ አማርጦ ላንተው የሚሸጥ ጉድ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ወልቂጤ ላይ ስልክ ጠባቂው የነገረው ነገር ነው። «ከአዲስ አበባ ላንተ ደውለው ነበር። ሓዳስን ትንሽ አሟታልና ቶሎ ና ብለዋል» አለው፤ ሌላ አልጨመረም። ከሩቅ የሚላክ «ትንሽ አሟታል» የጎረሱትን እህል ያስተፋል። ሕመምም በዚሁ ቃል ይላካል፣ ከሕመም የባሰውም በዚሁ ቃል ይላካል። ደበሳይ መንገዱን ሁሉ አንደኛውን ይዞ ሁለተኛውን እያባረረ ነው የመጣው። ጉንፋን ነው፤ ያ የድሮው ቁርጥማት ተነስቶባት ነው፤ ከዚያ አያልፍም እያለ።

ሓዳስ ታላቅ እኅቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ሕፃን፣ እሷ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ነበሩ፤ ከሐማሴን እስከ አዲስ አበባ አንዳንዴ አዝላ፣ አንዳንዴ እጁን ይዛ ያመጣችው እሷ ናት። ባል አላገባችም። «እኔ ባል ባገባ አንተን ማን ይሸከምልኛል?» ትለው ነበር፣ ጢም ካበቀለ በኋላ እንኳ። እሱም አንድ ቀን በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ በአገራቸው ቋንቋ «አደይ»፣ እናቴ፣ ነው የሚላት። ካሚዮኑን የገዛ ዕለት ሠራተኛ ሰፈር ያለውን አጥሯን በአንድ ወገን አስፈርሳ፣ የጎመን መደቧን አስደልድላ ማቆሚያ ሠራችለት። ጎረቤቶቿ ሲስቁባት «በሬ የገዛ ሰው በረት ይሠራ የለም ወይ?» አለቻቸው። ዛሬም የሚሄደው ወደዚያው ነው። ካሚዮኑን ጎመን መደቡ ላይ ያቆማል፣ እግሩን ከፍሬኑ ያነሳል፣ ዐሥር እርምጃ ተራምዶ እኅቱን ያያታል። ከዚህ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ሠራተኛ ሰፈር መግቢያ ላይ ሲደርስ አለቃ ገብረክርስቶስ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው መንገዱ መካከል ቆመው አገኛቸው። አለቃ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ደበሳይና ሓዳስ የሚጠጡትን የጊዮርጊስ ማኅበርም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙትና ወደ መስኮቱ ቀረቡ።

«እንኳን በደኅና ገባህ፣ ልጄ። ግን አትግባ። ቦዩ ተንዷል።»

«የቱ ቦይ?»

«ከሓዳስ ደጅ ያለው። ትናንትና ጎርፍ ወሰደው። ካሚዮን ቀርቶ በቅሎም አይሻገረው።»

ደበሳይ አንገቱን አስግጎ አየ። መንገዱ ታጥፎ ስለሚሄድ ከአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ በቀር የታየው ነገር የለም።

«አደይስ? አደይ እንዴት ናት?»

አለቃ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሕመሙ ለቅቋታል። ተኝታለች» አሉ።

ደበሳይ ግንባሩን መሪው ላይ ጣል አደረገ። እንባው መጣበት፣ አላፈረበትም። «ተመስገን» አለ። «እንግዲያው ድንጋይ ያስይዙልኝና ልውረድ። አንድ ጊዜ ብቻ አይቻት ልመለስ።»

«በዚህ ቁልቁለት? ከታች ቤት አለ፣ ሰው አለ፤ ነፍስ ልታጠፋ ነው? አይሆንም። መጀመሪያ ካሚዮኑን አቁም። እንድሪስ ግቢ ውሰደውና አቁመው፣ እህል ቅመስ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እወስድሃለሁ።» ከመስኮቱ ሊርቁ ሲሉ ተመለሱና «በጊዮርጊስ በኩል አትሂድ። በላይ በኩል ዙር» ሲሉ ጨመሩ።

አለቃ ገብረክርስቶስ ዋሽተው አያውቁም፤ ይህን ጠላቶቻቸውም ይመሰክራሉ። ደበሳይ ለምን በላይ በኩል እንደሚዞር አልጠየቀም። አደይ ተኝታለች፤ ሕመሙ ለቅቋታል። የቀረው አንድ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለሾፌር ሥራው ነው።

ሥራው ቢሆንም ያን ቀን ጨርሶ አልቀና አለው። ከላይኛው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የፈረንጅ ሱቅ ፊት፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ለጥ ያለ ቦታ አየና ካሚዮኑን አስጠግቶ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ብቅ አለ።

«አንሳ።»

«ወንድሜ፣ ዛሬ እሑድ ነው። ሱቁ ዝግ ነው።»

«ሱቁ ዝግ ነው፤ እኔ ክፍት ነኝ።»

«አንድ ሰዓት ብቻ።»

«ባለፈው ወር አንድ ሰዓት ብቻ ብሎ ጋሪውን ያቆመ ሰው ባዝራው እዚሁ ወልዳ ነው የሄደው።»

«እኅቴ ታማብኛለች። አይቻት ልምጣ፤ ቤቷ እዚህ ታች ነው።»

ዘበኛው ዱላውን ዝቅ አደረገ። አየው፤ ቀይ ዓይኑን፣ የሦስት ቀን ጢሙን፣ በጭቃ የተለሰነ ልብሱን አየ። «እግዜር ይማርልህ» አለው፣ ከልቡ ነው። «አሁን አንሳ። እኔም ልጆች አሉኝ።»

ከዚያ ፈንጠር ብሎ ደበሳይ ያላበደ ሰው የማያደርገውን አደረገ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች ለምኖ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ትላልቅ ድንጋይ አስደረገና እግሩን ከፍሬኑ ላይ ቀስ እያለ ማንሳት ጀመረ። ድንጋዩ ያዘ። ሙሉ በሙሉ አነሳው። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ወደ ውጭ ሲሰድ ድንጋዩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠና ካሚዮኑ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች። ደበሳይ ተወርውሮ ተመለሰና ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠው። ሴትዮዋ ምንም አልሆነችም፤ ነጠላዋን እየጎተተች እየተራገመችው ሄደች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይኸው ነው፤ እሱ ግን ሊያፈስ የነበረው የሰው ደም ነው።

እንድሪስ የወሎ ሰው፣ የቆዳ ነጋዴ ነው። ደበሳይ ካሚዮኑን እንደገዛ የመጀመሪያውን ጭነት የሰጠው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወንድማማች ሆነዋል። ግቢው ደጃች ውቤ ሰፈር አፋፍ ላይ ሰፊና ደልዳላ ነው፤ በሩ ግን ከላይ ግንድ የተጋደመበት ነው። ደበሳይ ገና ከሩቅ ሲያየው እንድሪስ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ደጅ ላይ ቆሟል። እንደሚመጣ ማን ነገረው ብሎ አላሰበም። የካሚዮኑን አፍንጫ አስገብቶ ገፋ አደረገው፣ ላይኛው ኬሻ ከግንዱ ጋር ተላተመና ካሚዮኑ ተገትሮ ቀረ። ሁለት ኬሻ ብቻ ነው የከለከለው።

«ግዴለም፣ ግዴለም» አለ እንድሪስ ወደ መስኮቱ እየመጣ። «ተሸካሚ አስጠራለሁ። ጫፍ ጫፉን አውርደን እናስገባዋለን።»

«በእሑድ ተሸካሚ ከየት ይመጣል?»

«ይገኛል። ቢዘገይ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

«እስከ ዐሥራ አንድማ አልቆይም፣ እንድሪስ። አደይን ሳላያት እስከ ዐሥራ አንድ እዚህ ተጎልቼ ልቆይ? ና ውጣ፤ እዚህ ተቀመጥና እግርህን ፍሬኑ ላይ አድርግልኝ። ከመርገጥ በቀር ሌላ ነገር የለውም። ሮጬ አይቻት ልመለስ።»

እንድሪስ እግሩን መወጣጫው ላይ አሳረፈ። ከዚያ መልሶ አወረደው።

«አይሆንም» አለ። «ካሚዮኑ ቆሞ ነው የምትሄደው።»

«ለምን? ከያዝክልኝ ምን ልዩነት አለው?»

«ካሚዮኑ ይቁም፣ ወንድሜ። መጀመሪያ እሱ ይቁም።» ይህን ሲል ደበሳይን አላየውም፤ የሚያየው የመብራቱን መስታወት ነበር።

በዚህ መካከል የእንድሪስ ሚስት ነጂባ በአንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው ወተት ይዛ ወጣች። ነጂባ ሁልጊዜ ስታየው «ያ ጩኸታም መጣ» እያለች የምትስቅበት ሴት ናት። ዛሬ አልሳቀችም። ዳቦውን በመስኮት አቀበለችው። «ቅመስ፣ ወንድሜ። ባዶ ሆድህን አትሁን» አለችው፤ ወዲያው ወተቱን ሳትሰጠው ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወደ ቤት ተመለሰች።

ዳቦው ደበሳይ እጅ ላይ ቀረ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ካላዩ የሚባል ሾፌር፣ የደበሳይ የቅርብ ጓደኛ፣ መሪውን እንደያዘ አንድ ችኩል ሰው ከመንገድ ዳር አስቁሞ ልጁ መሞቱን ነገረው። ካላዩ «እሺ» አለ። መንዳቱን ቀጠለ፣ አቃቂ ሲደርስ ድልድዩን ስቶ ገደል ገባ። አርባው ወጥቶ የተዝካሩ ዕለት፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ባለበት፣ ደበሳይ ተነስቶ ተናገረ። እያለቀሰ ነበር የተናገረው። ከዛሬ ጀምሮ ለሾፌር መርዶ የሚነገረው ካሚዮኑ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰውየው መሬት ረግጦ፣ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው፤ ይህን ያፈረሰ ሰው ከእኛ ጋር ማኅበር አይጠጣም አለ። አለቃ ገብረክርስቶስ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ነው የተባለው፣ እውነቱን ነው» ብለው ቃሉን አጸደቁት። እንድሪስም እዚያው ተቀምጦ ሰምቷል። እጁን አንስቶ «አሚን» ያለው ትዝ ይለዋል።

ደበሳይ ወደ እንድሪስ አየ። መጠየቅ ነበረበት። «ሞታለች ወይ?» ቢል እንድሪስ አፉ ቢዋሽ ፊቱ አይዋሽም። አልጠየቀም። ዳቦውን መቀመጫው ላይ አስቀምጦ የኋላ ማርሽ አስገባ።

«ወዴት ነው፣ ደበሳይ?»

«ሜዳ ፍለጋ» አለው።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ነገር ለሰው ቢነግሩት አያምንም። የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻገረ፣ በእሪ በከንቱ አፋፍ አልፎ ወደ ቀበና ወረደ። ቀበና አፋፍ ላይ ሣር ያለበት፣ ጠንካራ፣ ሰው የማይኖርበት ለጥ ያለ ሜዳ አገኘ። ከአንድ ሰዓት በፊት ቢያገኘው ኖሮ ወርዶ አፈሩን ይስመው ነበር። አሁን አየው፣ እግሩን ቤንዚኑ ላይ ጫን አደረገና አለፈው። ትንሽ ራቅ ብሎ ደጁ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ መድከሙን አይቶ «እዚህ ጋ አቁመህ ብታርፍስ፣ ልጄ?» አለው። «ይቅርብኝ፣ አባቴ» ብሎት ሄደ።

ሕጉ የራሱ ነው፣ አፍራሽ የለውም። ካሚዮኑ እስካልቆመ ድረስ ማንም አይነግረውም። ማንም እስካልነገረው ድረስ ደግሞ አደይ ተኝታለች፤ ሕመሙ ለቅቋታል፤ ማታ ሲገባ «ዛሬም ጭቃ ይዘህብኝ መጣህ» ትለዋለች። ስለዚህ መንዳት ነው። ቤንዚኑ እስኪያልቅ፣ ጎማው እስኪያልቅ፣ እሱ ራሱ እስኪያልቅ መንዳት። ቀበናን ዞረ፤ ያንኑ መንገድ ተመልሶ እንደገና ዞረው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነጋገራት። ከጊቤ ወዲህ የሆነውን ሁሉ፣ የረዳቱን ወባ፣ ፍሬኑ እንዴት እንደተበጠሰ፣ አጠገቡ ተቀምጣ የምትሰማው ይመስል ነገራት። አለቀሰ፣ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ፣ ደግሞ አለቀሰ። እኔ ፈሪ ነኝ ብሎ ራሱን ሰደበ። ፈሪስ ቢባል ምን ይደረግ? እናቱን ሁለት ጊዜ መቅበር የሚፈልግ ሰው የለም።

ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር ከወደ ጊዮርጊስ ደወል ሰማ።

ያልገባው አንድ ነገር አሁን ገባው። መርዶ ይጠብቃል፤ ለነገ ንጋት ሊቆይ ይችላል። ቀብር አይጠብቅም። ሬሳ ያንኑ ቀን በዘጠኝ ሰዓት መሬት ይገባል። አለቃ ያሰቡት ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ቀብረው፣ እሱን እንድሪስ ቤት አሳርፈው፣ ነገ ሲነጋ ሽማግሌ ሰብስበው ሊነግሩት። ሕጉን ሲያወጣ ስለ ቀብር ማንም አልተናገረም። እሱም አላሰበበትም። እና ሓዳስ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ከሱ በቀር በዚህ አገር የሥጋ ዘመድ የሚባል የላትም። የአራት ዓመት ሕፃን አዝላ ያን ሁሉ አገር ያቋረጠች ሴት ዛሬ አንድ የእናቷ ልጅ እንኳ አፈር ሳያለብሳት ልትገባ ነው፣ እሱ ግን ቀበና ላይ ይዞራል።

ካሚዮኑን የመለሰበት ቦታ ለበቅሎም የሚበቃ አልነበረም። እንዴት እንደመለሰው ኋላም ሲጠይቁት አያውቅም። ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ እየተንተፋተፈ ነው፤ ቤንዚኑ ታች ደርሷል። ከፈረንጁ ሱቅ ፊት ሲያልፍ ያ ዘበኛ ዱላውን ሲያነሳ አየው። አትሂድ በተባለበት መንገድ፣ በጊዮርጊስ በኩል፣ አደባባዩ ላይ ደረሰ። እዚያ መሬቱ ይደለድላል። ካሚዮኑን ከቤተ ክርስቲያኑ የውጭ ግንብ ጋር አስጠግቶ፣ አፍንጫውን ግንቡን አስነክቶ አቆመው።

የአደባባዩ ጠባቂ እየሮጠ መጣ። «አንተ ሰው፣ ካሚዮን እዚህ አይቆምም። ሬሳ እየመጣ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ደበሳይ።

ይህን ቃል ሲናገር ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። ጠባቂው ፊቱን አየና ነገሩ ገባው። ሄዶ ከግንቡ ሥር ሁለት ትልልቅ ድንጋይ እያንከባለለ አመጣ፤ ከዚያ ሁለት ሌላ። ደበሳይ እግሩን ፍሬኑ ላይ እንዳደረገ ድንጋዮቹን በየጎማው ሥር ሲያስገባ ጠበቀው። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። ከወልቂጤ ጀምሮ ጆሮው ላይ የነበረው ድምፅ ቆመ። እግሩን አነሳ። ካሚዮኑ አልተንቀሳቀሰም። በሩን ከፍቶ ወረደ። መቀመጫው ላይ ያለውን ዳቦ አየ። ቆርሶ ጎረሰ። አልወረደለትም፤ ግን አላመጠውና በግድ ዋጠው።

ቀብሩ ከሠራተኛ ሰፈር በኩል ብቅ አለ። ከፊት ካህናት፣ ከኋላቸው በነጭ የተሸፈነ ቃሬዛ፣ ከዚያ ሴቶቹ። የሙሾው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ የምታወርደው የሓዳስ የአጥር ጎረቤት ሰርክአዲስ ናት። ሰርክአዲስ ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅሳለች ይባላል። ደበሳይ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ካሚዮኑ አጠገብ ቆመ።

መጀመሪያ ያየችው ሰርክአዲስ ናት። ቃሉን ከአፏ ላይ ቆረጠችው። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች እሷን አይተው፣ ከዚያ እሱን አይተው አንድ በአንድ ዝም አሉ። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ሲል የሚሰማው ጭቃውን የሚረግጥ እግር ብቻ ሆነ። መርዶ ያልተነገረው ሰው ፊት አይለቀስምና ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር፤ አንዷማ ሌላ ነገር እንደምታይ ሆና ወደ አደባባዩ ሐውልት ዞረች። ቃሬዛውን የተሸከሙት ይቁሙ ይሂዱ ግራ ገብቷቸው መንገዱ መካከል ተገተሩ። አራቱንም ያውቃቸዋል፤ ከአራቱ አንዱ አጥሯን ያፈረሰላት አናጢ ነው።

አለቃ ገብረክርስቶስ ከካህናቱ መካከል ወጥተው መጡ። መቋሚያቸው ጭቃው ውስጥ እየገባ ያስቸግራቸው ነበር። ከኋላቸው እንድሪስ ከሰው ጀርባ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ልጄ» አሉ አለቃ። «እዚህ ምን ታደርጋለህ? ይህ የጎረቤት ሬሳ ነው። አንተ ሂድ፣ ካሚዮንህን…»

«አቁሜዋለሁ፣ አለቃ» አላቸው።

አለቃ ወደ ካሚዮኑ አዩ።

«ሞተሩን አጥፍቻለሁ። አራቱንም ጎማ ድንጋይ ይዞታል። እህልም ቀምሻለሁ። እንግዲህ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ወደ ካሚዮኑ ሄዱ። የፊተኛውን ጎማ ድንጋይ በመቋሚያቸው ነካ አደረጉት፤ ዞረው የኋለኞቹንም ነኩ። ለምን እንደሚያደርጉት ሁሉም ሰው ገብቶታል፣ ማንም አላጣደፋቸውም። ሲመለሱ ዓይናቸው ሞልቶ ነበር። እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«ሓዳስ ዐርፋለች፣ ልጄ» አሉት። «ትናንት ማታ ነው። እስከ መጨረሻው ያንተን ስም እየጠራች ነበር። ቀብሩን አቆይተን እንጠብቅህ ነበር፣ ግን ፈራን። አንተም እንደ ካላዩ እንዳትሆንብን ፈራን።»

ደበሳይ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ቃል ቀኑን ሙሉ ሲሸሸው ውሎ አሁን ሲሰማው የቀለለው ነገር የለም፤ ደረቱ ውስጥ ያለው ሁሉ የተናደ መሰለው። ግን ቆሟል። እግሩ መሬት ላይ ነው፣ የሚገባበት ገደል የለም። ከሰርክአዲስ ጉሮሮ የሓዳስ ስም ከፍ ብሎ ወጣ፣ ሴቶቹም አነሱት፤ አደባባዩ እንደገና በልቅሶ ተሞላ።

«አደይ» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፣ ያውም ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ቃሬዛው ሄዶ የአናጢውን ክንድ ነካ፤ አናጢው ሳይናገር ቦታውን ለቀቀለት። ደበሳይ ትከሻውን አስገባ። ቁመቱ ከሌሎቹ ያጥራልና ቃሬዛው በሱ በኩል አዘነበለ። ሦስቱ ሰዎች ተያዩ፤ ጎንበስ ብለው ከሱ ጋር እኩል አደረጉትና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄዱ።